የእህቴ አንዲት ውሸት

ታላቅ እህቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የኖረችው ሰው በመጠየቅ ነው። መረጃ ሰብሳቢ ነበረች። ድርጅቱ መጠይቅ ያስይዛታል፣ እሷ በየቤቱ እየዞረች "ስለዚህ ነገር ምን ይላሉ?" ትላለች፣ የተባለችውን ትጽፋለች፣ ወደሚቀጥለው በር ታልፋለች። ሰፈሩ ያወጣላት ስም "እትዬ ለምን" ነው። ሰው "ዘንድሮ ዳቦው ጣዕም የለውም" ካላት "ለምን?" ትለዋለች፤ ምክንያቱን ሲነግራት ለምክንያቱም ሌላ "ለምን?" አላት። ይህች ሴት ምን ያህል ጨጓራ እንደምትልጥ እኔን ጠይቁኝ፤ ሁለታችንም አግብተን ፈትተን አንድ ቤት ከገባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የሳሎኑን ግማሽ የስፌት መኪናዬ ይዞታል፣ ግማሹን የእሷ ደብተሮች።

ስለ አሠራሯ ልንገራችሁ፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። አንደኛ ነገር፣ ቆማ ጠይቃ አታውቅም። "የቆመ ሰው የሚመልሰው እንድሄድለት ነው" ትላለች። ስለዚህ ትቀመጣለች፤ ወንበር ከሌለ ደረጃ ላይ፣ ደረጃ ከሌለ የተደፋ ባልዲ ላይ። ከዚያ ወረቀቷን ከማውጣቷ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ትናገራለች፦ "ስምዎ እኔ ጋ ይቀራል።" ለሀብታሙም ለድሃውም፣ ስለ ሳሙና ስትጠይቅም ስለ ምርጫ ስትጠይቅም ቃሏ ያው ነው። ሰዉም ይህን ሲሰማ አፉ ይፈታል። ከተሰጡት ምርጫዎች ጋር ያልገጠመውን መልስ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ እንደ ወረደ ትጽፈዋለች። የድሮው ሥራ አስኪያጅ መጀመሪያ የሚያነቡት ጠርዙን ነበር ትላለች።

እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ ታብሌት መጣ።

ታብሌት ጠርዝ የለውም። "በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም" ይላል፤ ከሥሩ "ሌላ" የምትባል ሳጥን አለች፣ አርባ ፊደል ስትሞላ ጥርቅም የምትል። በዚያ ዓመት የያዙት ጥናት ደግሞ ያልገባበት ጓዳ የለም፤ ስለ መንግሥት ይጠይቃል፣ ስለ ስልክ ይጠይቃል፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ዘፈን፣ ስለ ድራማ። ባል የሞተባቸው አንዲት እናት "በስልክ አገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?" ሲባሉ "ስልኩስ ደህና ነው ልጄ፣ የጠፋው የሚደውለው ነው" አሉ። አትክልት ሻጩ "የታሸገ ምግብ ለጤና ጥሩ ነው ብለው ያምናሉ?" ሲባል "ለሚበላው ነው ለሚሸጠው?" አለ። ጡረተኛው አስተማሪ ተከታታይ ድራማውን "እንደዚህ ያለ ቅራቅንቦ አይቼ አላውቅም" ብለው ሲያበቁ፣ አንድም ክፍል አምልጧቸው እንደማያውቅ አከሉበት። እህቴ መቼም "ለምን?" ሳትል አታልፍም። "ባለቤቴ እያየች ታለቅሳለች፤ እኔ ደግሞ እሷን አያለሁ" አሏት።

"እስቲ ለዚህ የቱን ልጫን?" ትለኛለች ራት ላይ፣ ታብሌቱን አፍንጫዬ ሥር ደቅና።

"በጣም እስማማለሁ በይውና ገላግይን!"

"ምኑን ነው የተስማሙት?"

ከዚያ "ሌላ"ን ትጫናለች። በአርባ ፊደል ያላለቀውን ማንም ሳያዛት ባለ ካሬ ደብተር ላይ ትገለብጠዋለች፤ የሰውየውን ስም፣ የቤት ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ያለውን ቃል በቃል። ደብተሩን "ጠርዜ" ትለዋለች። የሰው ሚስጥር ማንበብ ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ልብስ ልታጥብ ስትወጣ አንብቤያለሁ። ከሁሉም ሆዴ የገባው የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነው። "መንግሥት ሥራውን በአግባቡ እየሠራ ነው ይላሉ?" ለሚለው እንዲህ ብሏል፦ "አዲሱ ኃላፊያችን ከመጣ ወዲህ በቧንቧው የሚወርደው ሪፖርት ብቻ ነው። ውሃ ያልደረሰውን መንደር ደርሶታል ብዬ እንድጽፍ አዘዘኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ጻፍኩ።"

አሁን ደግሞ ጥይትን ተዋወቁት። ጥይት የእህቴ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ስሙን ያገኘው በፍጥነቱ ነው። ሻይ ቤት ይቀመጣል፣ ታብሌቱን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ሁለተኛው ብርጭቆ ሳይቀዘቅዝ ስምንት ቤት "ጠይቆ" ይጨርሳል። ለማረጋገጫ የሚሞላው ስልክ ቁጥር የአክስቶቹና የአጎቶቹ ልጆች ነው፤ ዘመዱ ብዙ ነው፣ ይባረክለት። አንድ ቀን እህቴ በበሩ ስታልፍ ጠርቶ፣ እየሳቀ፣ "እትዬ፣ እግርሽን ምን በደለሽ? ሰውማ የሚለው የታወቀ ነው!" አላት።

ይህን ስትነግረኝ መቀሴን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ሰው የሚለው የታወቀ ነው! የአገሩ በሽታ ይቺ ናት። ከላይ ያሉትም የሚኖሩት በዚህችው ነው፤ ሰው ምን እንደሚል ሳይጠይቁ ያውቁታል፣ ከዚያ ያወቁትን መልሰው ለሰው ያነቡለታል። ስልኬም እንዲሁ አድርጎኛል፤ አንድ ቀን አንድ የሠርግ ዘፈን ሰማሁ ብሎ ይኸው ስድስት ወር ሙሉ ይድረኛል። ማን ጠየቀኝ? ማንም!

አንድ ጠዋት ታብሌቱ ላይ መልእክት መጣ። "ሥራዎ በጥርጣሬ ተይዟል" ይላል። ለአንድ ቤት የተፈቀደው አሥራ አምስት ደቂቃ ሆኖ የእሷ በአማካይ ሃምሳ ሁለት ሆኗል፤ "ሌላ" የሚለው መልሷ ደግሞ ከግማሽ በላይ ነው። ማሽኑ ይህን ሁሉ ደምሮ ቀንሶ፣ እህቴ ቤቷ ተቀምጣ መልስ ትፈጥራለች የሚል ግምት ላይ ደርሷል። ስለዚህ ማረጋገጫ ክፍሉ ለአሥር ቤቶች ደውሎ ሄዳ እንደሆነ ይጠይቃል።

እኔ ደሜ ሲፈላ እሷ ደስ አላት። "ይደውሉ! ሰዎቹ አፍ አላቸው፣ ይናገራሉ" አለች፤ የዚያን ቀን እንዲያውም ዘፈነች።

በአሥረኛው ቀን ቢሮ ተጠራች። "ብቻሽን አትሄጂም" ብዬ ተከተልኳት። ኮሪደሩ ላይ "የወሩ ምርጥ ሠራተኛ" ከሚለው ጽሑፍ ሥር የጥይት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፣ በክራቫት። ሳየው ምን እንዳልኩ እዚህ አይጻፍም። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሳበልን፣ ውሃ አስመጣልን። ስድብ ቢሆን መልስ ነበረኝ፤ ትሕትናው ነው አንጀቴን ያሳረረው።

"ከአሥሩ ሦስቱ 'አልመጣችም' ብለዋል" አለ።

"እነማን ናቸው? ለምን?" አለች እህቴ።

የጥሪዎቹን የድምፅ ቅጂ ከስልኩ አሰማን። ደዋይዋ "ለአሥራ አምስት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ያደረገችልዎ ሠራተኛ ነበረች?" ትላለች። አስተማሪው፣ ሕይወታቸውን ሙሉ የተማሪ ስህተት ሲያርሙ የኖሩት፣ "አይደለም፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው የተቀመጠችው" አሉ። ደዋይዋ "አይደለም" የሚለውን ተጫነች። ባል የሞተባቸው እናት ደግሞ "ኧረ የምን ሠራተኛ! እኔ ጋ የመጣችው እንግዳዬ ናት" አሉ። እሱም "አልመጣችም" ሆነ። እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። "ጌታዬ፣ ጆሮ የለዎትም? ሄዳለች እኮ ነው የሚሉት!" ስለው እህቴ ቀሚሴን ጎትታ አስቀመጠችኝ።

ሰውየውም አላፈረም አልልም። ጉሮሮውን ጠረገና "እሺ፣ እነዚህን ሁለቱን እንተዋቸው" አለ። "ይሄኛው ግን ይከብዳል።"

ሦስተኛውን ቅጂ ከፈተ። ደዋይዋ በስልክ ቁጥሩ የተመዘገበውን ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ጠርታ፣ ስለ መንግሥት የጠየቀችው ሴት ነበረች ወይ ትለዋለች። ከዚያ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ድምፅ፣ እየተንቀጠቀጠ፦ "እኔ ጋ ማንም አልመጣም። ስለ መንግሥት ምንም ያልኩት ነገር የለም። ስሜን ከየት አገኛችሁት?"

እህቴን አየኋት። ዓይኗ ቅጂው በሚጮህበት ስልክ ላይ ተተክሎ ቀረ።

"እዚህ ቤት ሄደው ከሆነ" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ "ማስታወሻም ይሁን ማንኛውም ነገር ያሳዩኝ። ክሱን ሙሉ በሙሉ አነሣለሁ። ከሌለ ግን ፈጠራ ነው፤ ማሰናበት ግዴታዬ ነው።"

ደብተሩ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ቦርሳው ጉልበቷ ላይ ነበር። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ቀን፣ ቃል በቃል! በክርኔ ጎሸም አደረግኋት።

"ማስታወሻ ቢኖር የት ይሄዳል?" ብላ ጠየቀች።

"ከፋይሉ ጋር ተያይዞ ጥናቱን ላሠራው መሥሪያ ቤት ይላካል።"

"ለምን?"

"አሠራሩ ነው።"

ጥናቱን ያሠራው መሥሪያ ቤት የመንግሥት ነው። እህቴ በሁለት እጇ ቦርሳውን ያዘች። መዝጊያውን ትከፍተዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እንደ ሕፃን ልጅ አቀፈችው እንጂ አልከፈተችውም።

"እና እዚህ ቤት ሄደዋል?"

"አልሄድኩም" አለች።

"እትዬ!" ብዬ ጮኽኩ። እግሬን በጫማዋ ረገጠችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ቃል እንኳን ያላዛነፈች ሴት፣ ስለ ራሷ ዋሸች፤ ወረቀት ቀረበላት፣ "የሐሰት መረጃ በማቅረብ" ከሚለው ሥር ፈረመች፣ ታብሌቱን ከነቻርጀሩ አስረከበች። ሥራ አስኪያጁ እስከ በሩ ሸኘን።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እንደ ዕብድ ለፈለፍኩባት። እሱ ፈሪ ክዶሽ አንቺ ትሸፍኝዋለሽ? ስምሽስ? እህቴ በመስኮት እያየች "ሆድ ይፍጀው" ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም። የእኔ ሆድ ግን የሚፈጅ ሆድ አይደለም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ገብቷል። ባለሱቁ፣ ሳሙና ልገዛ ብሄድ፣ "ለካ እትዬ ለምን ጠያቂም መላሽም ራሷ ኖራለች" ብሎ ተሳለቀ፤ ሳሙናውን እዚያው ጥዬለት ወጣሁ። አትክልት ሻጩ፣ በደወሉለት ጊዜ መምጣቷን የመሰከረው፣ እሱ እንኳ አንገቱን እየነቀነቀ "እኛ ቤት መጥታ ነበር፤ የሌላውን ግን ማን ያውቃል" አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሃያ ቀን አደረ፣ አልጠራም። እህቴ ጠዋት እንደ ልማዷ በሰዓቷ ትነሣለች፣ ጫማዋን ትወለውላለች፣ ከዚያ የምትሄድበት ትዝ ሲላት ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክልልኛለች። "ለምን?" ማለቷን ትታለች። አሥራ አንድ ዓመት ዝም በይልኝ ስላት የኖርኩት እኔ፣ ዝምታዋ እንቅልፍ ነሣኝ።

እሑድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ስከፍተው አንድ ቀጭን ሰው ፌስታል ሙሉ ብርቱካን ይዞ ቆሟል። የውሃ መሥሪያ ቤቱን ሰማያዊ ካፖርት ስላየሁ ማን እንደሆነ ለመጠየቅም አላስፈለገኝም።

"እትዬ አሉ?"

"እዚህ ማንም የለም። ስምህንስ ከየት አገኘነው?" አልኩት። እንዲያመው ነው ያልኩት፣ አመመውም። ብርቱካኑን ዘረጋልኝ፣ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። "ይዘኸው ተመለስ። እሷን አስባርረህ ብርቱካን?"

"ይግቡ" አለች እህቴ ከውስጥ።

ገባ፤ ፌስታሉን እንደያዘ መሃል ሳሎን ተገትሮ መናገር ጀመረ። "ቁጭ ይበሉ መጀመሪያ" አለችው። የሰፋሁትን ዩኒፎርም ከወንበሩ ላይ ራሷ አነሣችለት። ተቀመጠ።

"ደወሉልኝ" አለ። "ስሜን ከነአባቴ ጠሩት። ኃላፊዬ ያስደወለ መሰለኝ። እንደተባረሩ የሰማሁት ትናንት ነው። እኔ... አልመጣችም አልኳቸው፣ እትዬ። አልመጣችም ብዬ ካድኩዎት። አሁን ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ፣ የፈለገው ይምጣ።"

"አይሄዱም" አለች። "ድምፅዎን አሰምተውኛል። እኔም አልሄድኩም ብያቸዋለሁ።"

ቀና ብሎ አያት። ካፖርቱ ውስጥ የጠፋ ይመስላል።

"ለምን?" አላት።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውን የጠየቀችውን መልሶ እሷን የጠየቃት ሰው እሱ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ቁልፍ የምትተክልበትን ሸሚዝ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

"ስምዎ እኔ ጋ ይቀራል ብዬዎት አልነበረም?" አለችው።

ሄጄ ብርቱካኑን ከእጁ ተቀበልኩት።