ከውሃ አልገባም ብዬ ምዬ ነበር

የሄድኩ ዕለት ምሽት እናቴ እጄን ይዛ አልለቅ አለች። ከውሃ አልገባም በል አለችኝ፤ አልኩ። ማልልኝ አለች። ድሮ እኛ ቤት የሚማለው በታላቅ ወንድሜ ነበር፤ «ኑሩ ይሙት» ከተባለ ነገሩ አለቀ። አሁን ኑሩ የለም። ስለዚህ «እማዬ ትሙት» አልኩ። ላስ ቬጋስ በረሃ ነው ስላሏት ትንሽ ቀለል ብሏት ሸኘችኝ።

ኑሩን ሐይቅ ወሰደው፣ ሲዋኝ። በከተማችን ጠልቆ የሚያወጣ ሰው አልነበረም። ሰዎች ገመድና መንጠቆ ይዘው በጀልባ ዞሩ። እኛ ዳር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። በሦስተኛው ቀን ውሃው ራሱ መለሰው።

እዚህ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እሰበስባለሁ። ሙቀቱ የባቲን ገበያ ቀን ያስንቃል፤ በረሃ የተባለው አገር ግን በየግቢው መዋኛ አለው። በአንድ ሺፍት አብሮኝ የሚሠራው ያሲን፣ እዚሁ ያደገ የወሎ ልጅ፣ ዳይቪንግ ይማራል፤ አየር በጀርባ ተሸክሞ ውሃ ስር መውረድ። የሀብታም ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

«ብሮ፣ ሁሉንም የሚገዛ የለም» አለኝ።

መነጽሩና የእግር መቅዘፊያው ብቻ የራስ ይሆናል፤ ሌላውን ሬንት ያደርጋሉ። ልብሱን ከሰለቸው ሰው ይገዛሉ። ሐይቅ ሲሄዱ አምስት ሆነው በአንድ መኪና ነው። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ የዳይቪንጉ ሱቅ ውስጥ ልብስ እያጠብኩ፣ የአየር ሲሊንደር እየተሸከምኩ የትምህርቱን ዋጋ በጉልበቴ ከፈልኩ።

መጀመሪያ ፎርም ሰጡኝ። ለምን መጥለቅ ፈለጉ? ለመዝናናት፣ ለፎቶ፣ ለጉዞ ይላል። የእኔ የለም። አስተማሪዋን ሊንዳን ጠየቅኳት።

«ከሦስቱ ለየትኛው ይቀርባል?» አለች።

አስቤ አስቤ ለጉዞ የሚለውን ቼክ አደረግሁ።

መዋኛው ውስጥ እግሬን ስከት፣ ገንዳ ውሃ አይባልም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሊንዳ ዝግጁ ነህ ወይ ስትለኝ፣ አገር ቤት አዎ እንደምንለው አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁ። የደነገጥኩ መስሏት ጎትታ ዳር አወጣችኝ። ደህና ነህ ስትል እንደገና ሳብኩ። ጀርባዬን እያሸች ተንፍስ፣ ተንፍስ ትለኛለች። አብሮን ገንዳው ውስጥ የነበረው ያሲን ውሃ እስኪያንቀው ሳቀ።

«አዎ ማለቱ ነው» አላት። «እናቴም እንዲህ ናት። ልጅ ሆኜ አስም ያለባት ይመስለኝ ነበር።»

ሊንዳ ከዛሬ ጀምሮ አዎህ በጣት ነው ብላ፣ ጣቷን ቀለበት አድርጋ አሳየችኝ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሐይቅ ግን ገንዳ አይደለም። ስወርድ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ከራሴ ትንፋሽ በቀር ድምፅ የለም። ታች ደርሼ መሬቱን ስነካ ጭቃው ተነሣና የገዛ እጄ ጠፋብኝ። በእነዚያ ገመድ በያዙት ሰዎች ላይ ቂም ነበረኝ፤ ለምን ቶሎ አላገኙትም ብዬ። ቂሙ እዚያ ለቀቀኝ። ምንም የሚያዩት አልነበረም።

እሑድ ለእናቴ ደወልኩላት። እማዬ መሐላዬን አፈረስኩ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ከታች ብርሃን አለ?» አለችኝ።

«እኔ የወረድኩበት ትንሽ አለ። የእኛን ሐይቅ ታች አላየሁትም።»

«መቼ ታየዋለህ?»

የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ነው፤ እሱ ሳይወጣ አገር ቤት መሄድ አልችልም። ይህን እሷም ታውቃለች። ግን ስልኩን ሳትዘጋ መልሴን ጠበቀች።