በሰፈር መካከል የተከፈተ ምግብ ቤት

ባለቤቴ ጫካ የገባ ዕለት ብዙ አልተነጋገርንም። ጣልያን ደብረ ማርቆስን ከያዘ ወዲህ እንደሚሄድ ዐውቅ ነበር። ማለዳ ጠመንጃውን በጋቢው ሸፍኖ ልጆቹን ሳመና «ከዚህ ቤት እንዳትወጪ፤ ስመለስ እዚህ ላግኝሽ» አለኝ። «እሺ» አልሁት።

ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ አጥር ለአጥር ከተያያዙት ቤቶች መካከል ነበር። እህላችን እያለቀ ሲሄድ ወንድሜ ከአገራችን ከሮብ ገበያ መጥቶ ወደ አባታችን ቤት ልውሰድሽ አለኝ። እኔ ግን እዚያው ሆኜ ምግብና ጠላ ልሸጥ አስቤ ነበር።

«እዚህ? ጓሮ ለጓሮ?» አለ። «ማን ሊበላልሽ? ዶሮዎቹ?»

«ሰው አለ።»

«ሰውማ ከቤቱ ይበላል። ምግብ ቤት የሚያዋጣው መንገድ ዳር ነው። የመንገድ ሠራተኛው እዚያ፣ የጣልያን ወታደሩ አስካሪው እዚያ። ከፈለግሽ ጎጆ ልቀልስልሽ።»

«አስካሪ በሞላበት ቤት ባለቤቴ እንዴት ብሎ ይመጣል?»

ወንድሜም «እንግዲያው እስከ ጥምቀት ሞክሪው» አለኝ። «ካልሆነ በቅሎ ይዤ እመጣለሁ። ያን ጊዜ እምቢ እንዳትይኝ።» ተስማማሁ።

ጠላ ሻጮች እንደሚያደርጉት በረጅም እንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍቼ ከደጄ ተከልሁ። ሽሮ ሠራሁ፤ ጠላውም ጥሩ ወጣልኝ። ማንም አልገባም። እንዲያውም የጎረቤቶቼ ሰላምታ አጠረ። በደጄ ያልፉ የነበሩት በሌላ በኩል መዞር ጀመሩ። ምን እንዳስቀየምኋቸው አላውቅም ነበር። እንጀራውን ከልጆቼ ጋር እየበላን፣ የጥምቀት መቅረብ ያስጨንቀኝ ገባ።

ከአጥራችን ማዶ አንዲት መነኩሲት ነበሩ፤ ሁላችንም እማሆይ እንላቸዋለን። አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲመለሱ ከደጄ ቆመው ጣሳውን ሽቅብ አዩት።

«ልጄ፣ ይህን የደፋሽው ዝናብ እንዳይገባበት ነው?»

«ሰው እንዲያውቅ ነው፣ እማሆይ።»

«ሰውማ ዐወቀ። ዐውቆ ነው የሸሸሽ። እስከ ትናንት ‹እንብላ› እያልሽ የጠራሽው ጎረቤት ዛሬ ገብቶ ቢከፍልሽም ያፍራል፣ ባይከፍልሽም ያፍራል። ምን ያድርግ? በጓሮ ይዞራል። እኔም ጉልበቴ እንቢ ብሎኝ ነው እንጂ በጓሮ በዞርሁ።»

ሣቅሁ። ባለቤቴ ከሄደ ወዲህ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«አውርጂውና ቤትሽ እንደ ቤት ይሁን። ጎረቤትሽን የቸገረው የራሱ ጉሮሮ አይደለም፤ ቆሎም ቆርጥሞ ያድራል። የቸገረው እንግዳው ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ከደምበጫም ከዲማም ዘመድ ይመጣል፤ አንዱ ለገበያ፣ አንዱ የታሰረበትን ሊጠይቅ። እንግዳውን የሚያበላ ቤት ግን እየጠፋ ነበር። ጣሳውን አወረድሁ። እማሆይም ነገሩን በየቤቱ ሹክ ሳይሉ አልቀሩም፤ ብዙም ሳይቆይ አንዱ ጎረቤቴ ሁለት የዲማ ዘመዶቹን አስከትሎ ገባ። «እህቴ ቤት እንብላ ብዬ ነው፤ የሷ ወጥ ይጣፍጣል» አላቸው። እኔም እንደ እህት ተቀበልኋቸው። እጃቸውን አስታጠብሁ፣ ሲጎድል ጨመርሁ፣ «በሞቴ» እያልሁ አጎረስሁ። እንግዶቹ ጎረቤቴን መርቀው ሄዱ። እሱ በሰንበት ከቅዳሴ ሲወጣ ሚስቱ በነጠላዋ ሥር ጤፍ ይዛ መጣች። «ይቺን አስፈጪያት» ብላ ከጓዳ አኖረችልኝ። የዋጋ ነገር አልተነሣም።

ከዚያ ወዲያ ሌሎቹም እንዲሁ አደረጉ። አንዱ ማገዶ፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ በርበሬ። ረቡዕና ዓርብ ቅዳሴ ሳይወጣ ለማንም አላቀርብም ነበር፤ እሱንም ዐውቀው እንግዳቸውን በሰዓቱ ያመጣሉ።

ወንድሜ የጥምቀት ማግስት በቅሎውን እየሳበ መጣ። ቤቱ ሞልቶ ስላገኘው ከጥግ ተቀመጠ። ሰዎቹ በልተው ሲወጡ በዐይኑ ሸኛቸው።

«ሳይከፍሉሽ ወጡኮ» አለኝ።

«ተከፍሏል።»

«መቼ? እኔ ዕውር ነኝ?»

«ጓዳ ገብተህ እይ።»

ገብቶ አየ። ጎተራውን ክዳኑን ከፍቶ ሳይዳስሰው አልቀረም። ሲወጣ «እንግዲህ ለእኔም ጨምሪልኝ» አለ። በማግስቱ በቅሎዋን ባዶዋን ይዟት ተመለሰ። እኔም ከቤቴ ቀረሁ።

በዚያ ዘመን ሁሉ አርበኞቹ ካሉበት ከጮቄ ተራራ በኩል የመጣ እንግዳ ሲገባ ልቤ ይመታ ነበር። ጆሮ ጠቢ ስለሚፈራ ስለ ባለቤቴ አይጠየቅም። «መንገዱ እንዴት ነው?» እላለሁ። «ደኅና ነው» ይሉኛል። በዚያች በ«ደኅና» ብዙ ጊዜ ውዬ አድሬባታለሁ።

ጣልያን ሲወጣ አርበኞቹ ወረዱ። እሱ አልወረደም። አብሮት የነበረ አንድ ጎልማሳ ቤቴን ጠይቆ መጣ። በመጨረሻው ክረምት በንዳድ እንዳረፈ፣ ከአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንደቀበሩት ነገረኝ። ሰውዬው እያለቀሰ ነበርና መጀመሪያ እሱን አበላሁት።

ተዝካሩን በገዛ ቤቱ አወጣሁለት። ስንቱ ተበትኖ በቀረበት ዘመን ይህን ስላደረገልኝ እግዚአብሔር ይመስገን። ጎረቤቶቼ ዱቄቱንም እንጨቱንም ይዘው ገቡ፤ ድስት ልነካ ብል አልፈቀዱልኝም። እማሆይ ክንዴን ይዘው እንግዳ ከሚቀመጥበት መደብ አስቀመጡኝ። ከዚያ ሆኜ በሩ ፊት ለፊት ይታየኛል። እንደማይመጣ ተነግሮኛል፤ ካህናቱም በጸሎተ ፍትሐት ፈትተውታል። ቢሆንም ያን ቀን ሰው በገባ ቁጥር ቀና እያልሁ አይ ነበር።