መልሱን ይዞት ሄደ

ኮስታራው ከተቀበረ ወር ሳይሞላው ልጁ ቤቴ መጣች። በር አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ካፖርቷንም አላወለቀችም። እንዴት ሰነበትክ እንኳ በቅጡ ሳትለኝ፣

«ጋሼ፣ እባክህ አንድ ቀልዱን ንገረኝ» አለችኝ።

ሌላ ሽማግሌ ቢሆን ደስ ይለው ነበር። የሽማግሌ ሥራው ማውራት አይደል? እኔ ግን ክው ብዬ ቀረሁ። ከአባቷ ጋር ወጣትነቴን ሁሉ አንድ መድረክ ላይ ቆሜያለሁ፤ ከቀልዶቹ ግን አንዱን እንኳ ሙሉ አድርጌ አላውቀውም። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ሰው ስለሌለ አሠራራችንን ላስረዳ።

እኔ ጠያቂ ነበርኩ። ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ከረባት አስሬ፣ ባዶ ማኅደር ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ እንደ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሹም ጉሮሮዬን ጠርጌ እጠይቃለሁ። እሱ ፊት ለፊቴ ወንበር ላይ ይቀመጥና ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ፊቱን አጨፍግጎ ይመልሳል። ስሙም የወጣለት በዚሁ ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሆዱን ይዞ ሲንፈራፈር የእሱ ጥርስ አይታይም። ጥያቄዎቹን አብረን እናወጣለን። መልሱን ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልነግርህም ይለኛል።

«መልሱን ካወቅከው ዓይንህ ቀድሞ ይስቃል» ይል ነበር። «ሰዉ እኮ የሚያየው እኔን አይደለም፣ አንተን ነው። አንተ ስትደነግጥ ነው የሚስቀው።»

እውነቱን ነው፣ እያንዳንዱ ምሽት አዲስ ድንጋጤ ነበር። ሳቄን ለመዋጥ ጉንጬን ከውስጥ እየነከስኩ ስንቴ አድምቻለሁ! አንዳንዴ እናደድበት ነበር፤ እንጀራችን አንድ ሆኖ እሱ ብቻ ምስጢር ይዞ ይዞራል ማለት ምን ማለት ነው?

መልሱን የሚያመጣው ደግሞ ከወጥ ቤት ነበር። ፋብሪካም እንጠራ፣ ሆስፒታልም፣ የመምህራን ግብዣም፣ እሱ በፊት በር ገብቶ አያውቅም። በጓሮ ዞሮ ከወጥ ቤቶቹ መሐል ይቀመጥና ሽንኩርት እየላጠ ያዳምጣል። ማን ስስታም ነው፣ ማን ጠጉሩን ቀለም ይቀባል፣ የትኛው አለቃ ሚስቱን ይፈራል። ማታ እኔ አንዱን ተራ ጥያቄ ስጠይቅ እሱ ያቺን ነገር ጣል ያደርጋታል፤ ከዚያ ወዲያ ጉድ ነው፣ ወንበር ይሰበራል። ቀልዱ ታዲያ እዚያው ቤት፣ ለእነዚያው ሰዎች፣ ለዚያች ቀን የተሠራ ነው። ሌላ ቦታ ብትወስደው እንዳደረ ዳቦ ይደርቃል።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ ነገርኳት። አልበቃትም።

«አንድ እንኳ? አንዲት?»

አንዲት ብቻ ትዝ ትለኛለች፣ ባሕር ማዶ የተናገራት። በጦርነቱ ጊዜ ለዘማቾቹ መንፈስ ማደሻ ተብለን በመርከብ ተጭነን ሄደን ነበር። ከድንኳኖቹ መሐል የጥይት ሣጥን ደርድረው መድረክ ሠሩልን። ወታደሮቹ አቧራ ላይ ተቀምጠው፣ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ያዩናል። እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ለመሆኑ፣ በዚህ ዓለም ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ምንድን ነው?» አልኩ። ኮስታራው ግራ ቀኙን አየና፣

«የሻምበሉን ፎጣ» አለ።

እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ሰምቼ አላውቅም። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው መሬት ላይ ወደቁ። ሻምበሉ ራሱ ፊቱን በቆቡ ሸፍኖ ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር።

ልጅቷ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀች።

«ከዚያስ?»

«አለቀ።»

«ፎጣው ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! እነሱ ናቸው የሚያውቁት።»

አልሳቀችም። እንዴትስ ትስቅ? እኔም ስናገረው አፌ ውስጥ ሞተብኝ። እንባዋ እንዳይመጣ ካፖርቷን እየቆለፈችና እየፈታች እንዲህ አለችኝ።

«ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ‹አባትሽ እኮ! ቤታችሁ ሳቅ በሳቅ ነበር አይደል?› ይለኛል። እኔ የማውቀው አባዬ ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ግድግዳ ሲያይ የሚያመሽ ሰው ነው። እማዬ እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን አስቋት አላየሁም። ጋሼ፣ የሌላ ሰው አባት የቀበርኩ እየመሰለኝ ነው። ልጄም አያቴ ምን እያለ ነበር የሚያስቀው ትለኛለች። ምን ልበላት?»

አንጀቴን በላችው። ሬዲዮ ጣቢያ ሄዳ የድሮ ቅጂዎቹን ጠይቃለች፤ የቴፑ ክር ውድ ስለነበር ሌላ ነገር ተቀድቶበታል፣ የገበያ ዋጋና የአየር ጠባይ፣ ብለው ነግረዋታል። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ስለዚህ በሌላ ቀን ዓይኔን በጨው አጥቤ አንድ ቀልድ ፈጠርኩላት። ስለ አንድ ባለሱቅና ስለ ሚዛኑ የተቀነባበረ፣ ደኅና ነገር ነበር። አባትሽ ነው ያለው ብዬ አወራሁላት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝና በለስላሳ ድምፅ፣

«ይሄ የእሱ አይደለም ጋሼ» አለችኝ። «መጨረሻው ጋ ሳትደርስ አንተ ሳቅክ።»

በኀፍረት የምገባበት ጠፋኝ። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ።

ያን ቀን ነው ቀልዱን ለምን እንደተወ የነገርኳት። እሷ የምታውቀው የሲኒማ ቤት ትኬት ሻጭነቱን ነው። ከባሕር ማዶ ከተመለስን በኋላ ጥቂት ጊዜ ሠርተን ነበር፤ ነገር ግን ወጥ ቤት መግባት እምቢ አለ። በፊት በር ይገባና ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል። ከወጥ ቤት ያልመጣ መልስ ደግሞ ጨው የለውም። ሰዎች በትሕትና ያጨበጭቡልን ጀመር፤ ለቀልደኛ ከጭብጨባ የከፋ ስድብ የለም። ከዚያ አንድ ቀን ወንበሩን አጥፎ ሄደ፣ ሲኒማ ቤቱ ትኬት መሸጫ ውስጥም ገብቶ ተቀመጠ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እዚያው ጦር ሰፈር፣ ፎጣውን ከተናገረ በኋላ፣ ሳቁ ገና ሳይበርድ፣ እኔ «ጀግና አይተው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኩት። እሱ ከመድረኩ ጫፍ ቆመና «ሞልቶ! የሾርባ ጀግና! ጉረኛው የት አለ? ሰሐኑን ይዞ ይነሣ!» አለ። ጠዋት ወጥ ቤቶቹ ጉረኛው ስለሚሉት ልጅ አውርተውለት ነበር፤ ከማንም ቀድሞ ለሾርባ የሚሰለፍ፣ ወሬው ከሥራው የሚበልጥ። ጠዋት ያልነበረው ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ልጁ ከቃኚዎቹ ጋር ወጥቶ ነበር፤ ሬሳውን ያመጡት በቃሬዛ ነው። እኛ ያን ጊዜ ድንኳን ውስጥ ልብስ እየቀየርን ነበርና የሰማነው ነገር የለም።

ሰፈሩ ጸጥ አለ። ኮስታራው ዝምታውን ጉረኛው አፍሮ የተደበቀ መስሎት፣ «ምነው? ጥይት ነው እንዴ የጠራሁት፣ ሾርባ እኮ ነው!» ብሎ ጨመረበት። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ወታደር «አቤት!» ብሎ ሰሐን ይዞ ተነሣ። አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ እየጮኹ፣ እንባቸው በአቧራው ላይ መስመር እየሠራ። እኛ የተሳካልን መስሎን ነበር። የልጁን ሞት የነገረን ሻምበሉ ነው፣ ሲሸኘን፣ መኪናው ከተነሣ በኋላ ማለት ይቻላል፣ በመስኮት።

ኮስታራው ከዚያ ቀን ወዲያ የወጥ ቤት ደጃፍ አልረገጠም። 

ልጅቷ ሻይዋን ሳትነካ ሰማችኝ። «እንግዲያው አንድ ሰው ያስታውሳል» አለች። «ያ የተነሣው። ወይም ከእነሱ አንዱ። ፎጣው ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው መኖር አለበት።» ፊቷ ላይ ተስፋ አየሁ፤ ባላየሁት ይሻል ነበር።

የመድረክ ሰዎች ማኅበር መታሰቢያ ሲያዘጋጅ እሷ ወደ ዘማቾቹ ማኅበር ሰው ልካ አባላቱን አስጠራች። ኮስታራው ትኬት ሲሸጥ የኖረበት ሲኒማ ቤት ትንሿን አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ለቀቀልን። ከወንበሩ ሰዉ ያንሳል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ተነሥቶ ስለ ኮስታራው ሊናገር ጀመረና ስለ ራሱ ተናግሮ ጨረሰ። እኔንም አስነሡኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ማኅደር እንኳ አልነበረኝም፣ ኮስታራው ጥሩ ሰው ነበር ብዬ ተቀመጥኩ። ያን ያህል ዘመን አብሬው ሠርቼ የወጣኝ ይኸው ነው።

ከዘማቾቹ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ምርኩዝ የያዘ፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ። ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ ልጅቷ እኔን እጄን ይዛ ወደ እሱ በረረች።

«እርስዎ እዚያ ነበሩ? አባዬ ሲጫወት?»

«ነበርኩ እንጂ ልጄ። ሰሐን ይዤ የተነሣሁት እኔ ነኝ።»

 ልጅቷ አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠችና ወደ ሚሰማው ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «የሻምበሉ ፎጣ ምን ነበር?» አለችው።

«የምን ፎጣ?»

«አባዬ የተናገረው። እናንተ የሳቃችሁበት።»

ሽማግሌው ብዙ አሰበ። በጣም ነው ያሰበው፤ አይታበልም። ግንባሩን በጣቱ እያሸ ሩቅ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ሻምበሉን አስታውሳለሁ። ፎጣ… የለም ልጄ፣ አልመጣልኝ አለ። ይቅር በይኝ። ያን ጊዜ እኮ በቆመ ነገር ሁሉ እንስቅ ነበር። ከምሽግ የወጣ ሰው ፍየል ብታቆሚለት ይስቃል።»

«እሺ አባቴ፣ ሌላስ? ሌላ ያለው ነገር የለም?»

«ቃሉን አላስታውስም። የማስታውሰው እሱን ነው። ተናግሮ ተናግሮ ሰው ሁሉ ዝም ሲለው፣ እዚያ ሣጥን ላይ ብቻውን ቆሞ… አሳዘነኝ። እንግዳ ሰው፣ ባሕር ተሻግሮ ለእኛ ብሎ የመጣ። በቃ ሰሐኔን አንሥቼ አቤት አልኩ። ጓዶቼም ገባቸው። ሳቁለት።»

ደግ ነገር የነገራት መስሎት እጇን ደባበሰው። እሷም አመሰገነችው፣ ምርኩዙን አቀበለችው፣ እስከ በሩ ሸኘችው። እኔ ወንበሬ ላይ እንደተጣበቅሁ ቀረሁ። ያን ሳቅ እኔና ኮስታራው በሬሳ ላይ እንዳሳቅን ቆጥረን ነበር የተሸከምነው። ለካ የተሳቀልን ለእኛው ታዝኖልን ኖሯል። ይህን በሕይወቱ ቢሰማ ይቀልለው ይሆን ወይስ ይብስበት? ማንን ልጠይቅ?

ውጭ ስንወጣ ካፊያ ነበር። ትኬት መሸጫው መስኮት በካርቶን ተከድኗል። ልጅቷ ፊት ለፊቱ ቆም አለችና ሻሿን አጠበቀች።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ አላስቸግርህም።»

«ምን አስቸገርሽኝ የኔ ልጅ? ፈልጌ…»

«አይ፣ በቃ። ልጄ ስትጠይቀኝ አያትሽ ትኬት ሻጭ ነበር እላታለሁ።»

«ተይ እንጂ! አባትሽ እኮ…» አልኩና ቀጥሎ የሚባለው ጠፋኝ። 

ጥቂት ጠበቀችኝ። ትዕግሥቷን ተጠቅሜ አንዲት ቃል ባገኝ ምን ነበረበት! ከዚያ በጨዋ ደንብ ክንዴን ያዝ አድርጋ መንገዱን አሻገረችኝ።

«ትኬት ሲቆርጥ አይቼዋለሁ» አለችኝ፣ አውቶቡሷን እየጠበቅን። «መልስ ሲሰጥም፣ እጁ በመስኮቷ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ይሄን አላጣራም፣ ማንንም አልጠይቅም። ሌላውን ሰውዬ አላውቀውም።»