የተቀደደው ጆሮዬና የአንዋር አንበሶች

የግራ ጆሮዬ ጫፍ ለሁለት የተከፈለ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ጠራቢ ስለነበርኩ የሚያየኝ ሁሉ ፍንጣሪ የመታኝ ይመስለዋል። እኔም አላስተባብልም፤ ነገር ማሳጠር እወዳለሁ። ዘንድሮ ግን የልጅ ልጄ አንዋር አምስት ዓመት ሞላው ተብሎ እቤታችን ልደት ሲደገስ፣ ሰባ ዓመት ያህል የዋጥኩት ነገር ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ እንደምናገረው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

የምኖረው መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር፣ ከልጄ ከዘይነባ ጋር ነው። ባሏ ጀማል የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ልደቱ «ያንበሳ» ነው አለችኝ። ያንበሳ ልደት ደግሞ ምንድን ነው ብላት፣ ዛሬ ልደት ባዶውን አይከበርም፣ አንድ ነገር ይመረጥለትና ኬኩም ፊኛውም የልጆቹም አለባበስ እሱን ይመስላል ብላ አስረዳችኝ። የፊት ለፊት ጎረቤታችን ለልጇ የዓሣ አድርጋላታለች፤ ከዚያ በፊት የመኪና ያከበረም ነበር። ዘይነባ ሳምንቱን ሙሉ ከየሱቁ የብስኩት ካርቶን ለምና እያመጣች፣ ያንበሳ ፊት አድርጋ እየቆረጠች፣ ዐይኑን በመቀስ እየበሳች፣ ጎፈሩን በቢጫ የሹራብ ክር ስትሰፋ ሰነበተች። ሳሎኑ ሙጫ ሙጫ ሸተተ። አንዋር ከወዲያ ወዲህ እያገሳ ጆሮዬን ሲያደነቁረኝ ዋለ።

እኔ ነገሩን አልወደድኩትም። ጎረቤት ለሃይማኖቱ ብሎ ነው ብሎ አምቶኛል። አይደለም። ያበሳጨኝ ግድግዳው ላይ የለጠፈችው ወርቅማ የአምስት ቁጥር ነው፤ ቁመቱ ልጁን ያክላል።

«ይሄን ቁጥር አንሺው» አልኳት።

«አባዬ ደግሞ! ምን አደረገህ?»

«የልጅ ዕድሜ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። አላፊ አግዳሚው ያነበዋል።»

«በኛ ደጅ የሚያልፈው ባጃጅ ብቻ ነው። ባጃጅ ምን ያደርገዋል?»

«ፎቶም አታንሺው። ስሙንም ሰው ፊት አትጥሩት።»

«ስሙ ካልተጠራ የማን ልደት ልንለው ነው? ያንተ?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የኔ ልደት እንደማይታወቅ ታውቃለች፤ ለምን እንደማይታወቅ ግን ነግሬያት አላውቅም ነበር። ካርቶኖቹን ቆጠርኩ፤ ያው የጠራቢ ልማድ ነው፤ ዐሥራ አምስት ናቸው። የተጠሩት ልጆች ከአንዋር ጋር ዐሥራ አራት። «አንድ ትርፍ ሠርተሻል» አልኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ይሁን» አለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

ወደ ልጅነቴ ልመለስ። አባቴ ከወሎ መቀሌ የመጣው ለጉልበት ሥራ ነው፤ ኋላ በርበሬ ነጋዴ ሆነ። ማታ ሲገባ ከጋቢው የሚወጣው የበርበሬ ሽታ ሁላችንንም ያስነጥሰን ነበር። እናቴ ሃዋ ትባላለች። ከኔ በፊት ሦስት ወንዶች ወልዳ ሦስቱንም ቀብራለች። ትልቁ ስድስት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ከዚያ የዘለለ የለም። የኔ እኩዮች ይሄን ታውቁታላችሁ፤ ልጅ የማይበረክትላት እናት የሚቀጥለውን ከሞት ትደብቀዋለች። እኔ ስወለድ ለሰፈሩ ሁሉ «ሴት ናት» ተባለ። ስሜ ፋጡማ ሆነ። ቀሚስ ለበስኩ፤ ጸጉሬ ሹሩባ ተሠራ፤ ቅቤው ፀሐይ ሲመታው በአንገቴ እየወረደ ይሸተኝ ነበር። ግራ ጆሮዬን በመርፌ የበሳችኝና የብር ሎቲ ያንጠለጠለችልኝ ጥጥ ፈታይዋ ጎረቤታችን ኣደይ ለታይ ናት፤ ኣደይ እንደ እማማ ማለት ነው። ወንድ መሆኔን ከኛ ቤት ውጭ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ግን አንድም ቀን ሳትሳሳት «ጓለይ» እያለች ትጠራኝ ነበር፤ በትግርኛ ለሴት ልጅ «ልጄ» ማለት ነው።

እውነተኛ ስሜን የሚጠራኝ አባቴ ብቻ ነው፤ እሱም በሹክሹክታ። ሲያስተኛኝ ወደ ግራ ጆሮዬ ጎንበስ ይልና «ሰይድ» ይለኛል። በቃ፣ አንድ ጊዜ ነው። ጢሙ ይኮረኩረኝ ነበር። ቀን ሙሉ ያቺን አንዲት ቃል እጠብቃለሁ።

ዕድሜዬም አይቆጠርም ነበር። እናቴ ግን በልቧ ትቆጥር ኖሮ፣ ስድስት ዓመት እንደሞላኝ፣ ከትልቁ ወንድሜ ዕድሜ ሳልፍም ድግስ እንደሚደገስ ተነገረኝ። ቀሚሱ ይወልቃል፤ ጸጉሬ ይላጫል፤ ሎቲው ይወጣል፤ አባቴ ደጃፍ ላይ ይቆምና ስሜን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። በጉ ተገዝቶ ጓሮ ታሰረ። እኔ ነበርኩ ሣር የማበላው። በየቀኑ ጀርባውን እየዳበስኩ «መቼ ነው?» እለዋለሁ፤ በግ እንደሚነግረኝ ሁሉ። ከኔ በታች አህመድ የሚባል የሁለት ዓመት ወንድም ነበረኝ። እሱን እናቴ አልደበቀችውም። እኔ ደጁን ዘግቼ እስከቆምኩ ድረስ እሱ በኔ ጥላ ያድጋል ትል ነበር። ያኔ ነገሩ አልገባኝም፤ እንደ ጨዋታ ነበር የሰማሁት።

ሰፈራችን ዳር ድንጋይ የሚወጣበት ጉድጓድ ነበር። ክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ ርጥብ የኖራ ድንጋይ ዛሬም ሲሸተኝ ያ ጉድጓድ ይታየኛል። በጋ ሲደርቅ ወንዶቹ እዚያ በጨርቅ ኳስ ይጫወታሉ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ዳር ተቀምጬ ጠጠር እጫወታለሁ፤ ዐይኔ ግን ኳሱ ላይ ነው። አንድ ቀን ኳሷ እግሬ ሥር መጣች። ቀሚሴን ሰብስቤ ብመታት ከጉድጓዱ ማዶ ደረሰች። ሓጎስ የሚባል የነሱ አለቃ «እዋይ! ፋጤ መታች!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ፋጤ፣ ባልሽ መጣ! ሩጪ ውሃ ቅጂለት!» አለ። ሁሉም ተቀባበሉት። ሓጎስ መጥቶ ሹሩባዬን ጎተተና «አንቺ፣ ከኛ ጋር መጫወት ብትፈልጊ መጀመሪያ ጢም አብቅዪ» አለኝ።

ድግሱ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሁለት ሳምንት መታገሥ አቃተኝ፤ ያኔም እልኸኛ ነበርኩ። ሎቲውን ጨምድጄ ወደ ታች ሳብኩት። ጆሮዬ እስከ ጫፉ ተቀደደ። ደሙ በቀሚሴ ላይ እየወረደ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ባለ በሌለ ድምፄ ጮኽኩ፤ «ወንድ ነኝ! ሰይድ ነኝ! ስድስት ዓመቴ ነው!» ልጆቹ ኳሷን ትተው አፈገፈጉ። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ደስታ ከዚያ ወዲህ አግኝቼው አላውቅም። ይሄን መደበቅ አልፈልግም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

እናቴ ስታየኝ የምትመታኝ መስሎኝ ነበር። አልመታችኝም። ጆሮዬንም መጀመሪያ አላየችውም። ወደ ደጅ ወጣች፣ ግራ ቀኙን አየች፣ ተመልሳ ትከሻዬን ያዘችና «ማን ሰማህ?» አለችኝ።

«ልጆቹ።»

«ሌላስ? ሌላስ ማን ሰማህ?»

ምን እንደምትጠይቀኝ ዛሬ ነው የሚገባኝ። ያኔ «ሌላ ሰው አልነበረም» ብዬ መለስኩላት።

በሳምንቱ አህመድን አተኮሰው። ፊቱ ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ዐይኑ ቀላ፤ ሳሉ እንደ ትንሽ ቡችላ ጩኸት ነበር። ኩፍኝ ሰፈሩን ሁሉ ይዞት እንደነበር፣ ከሌላም ቤት ልጅ እንደወሰደ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የማውቀው እኔ እንደጮኽኩና እሱ እንደታመመ ብቻ ነው። እናቴ ለአራት ቀን ከጉልበቷ አላወረደችውም። አንድም ቃል አልወቀሰችኝም፤ ግን ወደኔም አላየችም። በአምስተኛው ቀን አባቴ በጋቢው ጠቅልሎት ወጣ። ተከትዬው ልሄድ ስል ኣደይ ለታይ ከኋላ ይዛ ወደ ደረቷ አስጠጋችኝ። «ናዓ ወደይ» አለችኝ። ና ልጄ ማለት ነው፤ ለወንድ። ሕይወቴን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩትን ቃል የሰማሁት እንዲያ ነው። በጉ ለኔ ድግስ ሳይሆን ለአህመድ ሶደቃ ታረደ። ሥጋውን አልቀመስኩም።

ከዚያ አንድ ጠዋት አባቴ ሳይናገር ወስዶ ጸጉሬን አስላጨኝ፤ ቁምጣ ገዛልኝ። እልል ያለልኝ ሰው የለም። ማታ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ማለቱንም ተወው፤ ቁስሉን እንዳይነካብኝ ብሎ ይሁን ሌላ፣ አላውቅም። እናቴ እስክትሞት ስለዚያ ቀን አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ለነገሩ ምን ብዬ እጠይቃታለሁ?

እንግዲህ ይሄን ተሸክሜ ነው ያንበሳው ልደት ላይ በርጩማ ይዤ ጥግ የተቀመጥኩት። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ መጡ። ዘይነባ ለእያንዳንዱ የካርቶን ፊት አሰረችለት። ወዲያው ቤቱ በግሳት ተሞላ። ዐሥራ አራት አንበሳ አንድ ሳሎን ውስጥ! የትኛው የኛ እንደሆነ እኔ ራሴ መለየት አቃተኝ። ደስ አለኝ ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ግን አለኝ። ቁጥሩ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍም ባለቤቱ አይታወቅም ብዬ ልቤ አረፍ አለ። እናቴ ብታየው ደግ አደረጋችሁ የምትል መሰለኝ።

ሻማው ሲለኮስ ዘይነባ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አባዬ፣ ስሙን አንተ ጥራልንና ይምጣ። ካንተ በላይ ትልቅ የለንም።»

«ሌላ ፈልጊ።»

«አባዬ...»

«ሌላ ፈልጊ አልኩሽ!»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሃያት አራት ዓመቷ ነበር። እሱ ዛሬ አምስት ሞላው። አለፋት እኮ አባዬ።»

ሃያት የመጀመሪያ ልጇ ናት። ጦርነቱ ጊዜ፣ መንገድ ተዘግቶ ሁሉ ነገር ሲጠፋ፣ ሳል ያዛት። መድኃኒቱ ሌላ ጊዜ ቢሆን ከየትም የሚገኝ ነበር። እሷን እኔ ነኝ የተሸከምኳት፤ በጋቢዬ። አንዋር ያኔ ጡት ይጠባ ነበር።

ያን ጊዜ ገባኝ። ይሄ ልደት ዘመን ያመጣው ጨዋታ ብቻ አይደለም። እናቴ በግ ያሰረችለት፣ እኔ ያበላሸሁት ድግስ ነው። ልጄ ማንም ሳይነግራት፣ ሳታይ፣ ያንኑ ደገሰችው። ዐሥራ አምስተኛው ፊት ለማን እንደተሠራም ገባኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ነበር።

ተነሣሁ። ያንን ትርፍ ፊት አንሥቼ አጠለቅኩት። ላስቲኩ ለልጅ የተሠራ ነው፤ ጭንቅላቴን ሰነጠቀኝ። አንድ ጊዜ በዚህ ድምፅ ስም ጮኼ የሆነውን አውቃለሁና፣ ማን እንደጠራው እንዳይታወቅ ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ዘይነባ ስታየኝ በነጠላዋ አፏን ይዛ ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

«አንዋር!» አልኩ። አልወጣልኝም። እንደገና፣ «አንዋር ጀማል!»

ከመሀል አንዱ አንበሳ ፊቱን አወለቀ። ላብ በላብ ሆኗል። ቀና ብሎ አየኝና ሳቁን ለቀቀው።

«ኣቦሓጎ ነህ!» ኣቦሓጎ አያት ማለት ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እንዲያ ነው የሚሉኝ።

«አይደለሁም። አንበሳ ነኝ» አልኩት።

«ነህ! በጆሮህ አወቅኩህ! ጆሮህ ወጥቷል!»

ልጆቹ ሁሉ «ጆሮው! ጆሮው!» እያሉ ከበቡኝ። ልጆቹን ይዘው የመጡት ሴቶች እልል አሉ። አንዋር ሻማውን ሦስት ጊዜ እፍ ብሎ አጠፋው፤ በሁለተኛው ኬኩ ላይ ተፍቶበታል።

ያን ቀን ወደ በርጩማዬ ተመልሼ ብዙ አሰብኩ። የአምስት ዓመት ልጅ ከካርቶን ኋላ በጆሮዬ ከለየኝ፣ ሞትን በቀሚስና በሹሩባ እናታልለዋለን ማለታችን ምን ነበር? ያኔም አልተታለለም። ሰፈር ውስጥ የነበረው ኩፍኝ የኔን ጩኸት አልጠበቀም። ሃያት ላይ ደግሞ ማን ጮኾ ነበር? ማንም። ሰባ ዓመት የተሸከምኩትን አንድ ሕፃን በአንድ ቃል አወረደልኝ ልል ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። ግማሹን አወረደልኝ። ግማሹ እናቴ ጋ ነው ያለው፤ እሷ ይሄን ሳትሰማ ሞታለች። የኛ ጊዜ እናቶች ልጃቸውን የሚወዱት እየደበቁ ነበር፤ የዛሬዎቹ ግድግዳ ላይ ጽፈው ይወዱታል። ፍርሃቱ ግን ያው ነው፤ በዘይነባ ዐይን ውስጥ የእናቴን አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት የቤቱ ሰው ከእንቅልፉ ሳይነሣ ያንን የአምስት ቁጥር ከግድግዳው ነቀልኩት። ምን ታደርጉታላችሁ፣ እልኸኛ ነኝ። ዘይነባ ከበሩ ላይ ቆማ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። ቁጥሩን ተቀብላኝ ከትርፉ አንበሳ ፊት ጋር አንድ ላይ ጠቀለለችና ሳጥኗ ውስጥ፣ የሃያት ልብስ ካለበት ጎን አስቀመጠችው።