የኮምቦልቻው መስመር

ሞላልኝ የተወለደው ቦሩ ሜዳ፣ ገብስና ድንች ከሚያመርት ቤተሰብ ነው። ደሴ አክስቱ ቤት ተቀምጦ ተማረ፤ ትምህርቱን ሲጨርስ ፒያሳ ካለ አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ተቀጠረና እዚያው ሸበተ። ሥራው ስልክ ነበር። የደሴ ፋርማሲዎች ደውለው የሚፈልጉትን ይነግሩታል፣ እሱ ደግሞ ኮምቦልቻ ላለው ዋና መጋዘን ያስተላልፋል። ከሰዓት በኋላ መኪናው የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ያደርሳል። በቃ ይኸው ነው።

ኮምቦልቻ ስልኩን የሚያነሳው የመጋዘኑ ኃላፊ አብዱልወሀብ ነበር። ለስብሰባ ካልሆነ በቀር ብዙም አይተያዩም፤ ግን ሳይነጋገሩ የሚውሉበት ቀን የለም።

«አሰላሙ አለይኩም ደሴ! ጭጋጉ ገለጠላችሁ?»

«የት ይገለጣል! እናንተ እዚያ ቆላችሁ ውስጥ ተጠበሱ።»

«ከመበስበስ መጠበስ ይሻላል ወንድሜ። በል ንገረኝ፣ ምን ላስጭንልህ?»

ሞላልኝ የመድኃኒቱን ስም ይጠራል፣ አብዱልወሀብ ይደግመዋል። ብዙዎቹ ስሞች ስለሚመሳሰሉ ሁለቱም ሳይደጋገሙ ወደሚቀጥለው አያልፉም። በዚህ ጥንቃቄያቸው አንድም ቀን የተሳሳተ መድኃኒት ወጥቶ አያውቅም ይባልላቸው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ድርጅቱ ኦርደር ሁሉ በኮምፒውተር ይተላለፋል አለ። ፈትሂያ የምትባል ኮምቦልቻ የተማረች ባለሙያ ተቀጠረች። ፋርማሲዎቹ በስልካቸው ላይ እየነኩ ያዝዙ ጀመር፤ የሞላልኝ ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልክ ዝም አለ። በየቢሮው ሹክሹክታ ተነሣ። ሞላልኝም ማታ ቤቱ ገብቶ ለባለቤቱ ለሰርክአዲስ፣ «እንግዲህ ቦሩ ሜዳ ተመልሼ ድንች ልኮትኩት ነው» አላት።

«ድንች መኮትኮት መቼ ትችልና?» አለችው። «ዝም ብለህ የሚሉህን ስማ።»

የተባለው ሌላ ሆነ። ሥራ አስኪያጇ አስጠርታ፣ «ጠዋት ጠዋት ይህን ነገር የሚከታተል ሰው እፈልጋለሁ። ፈትሂያ ብቻዋን አትችለውም፤ ከእሷ ጋር ተቀመጥ» አለችው። ሞላልኝ መነጽሩን ጠርጎ ተቀመጠ። ፊደል የሚጫነው በአንድ ጣቱ ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ነው።

ፈትሂያ ትዕግሥት ነበራት። «ጋሼ ሞላልኝ፣ እርስዎ ሲሠሩት የኖሩት ሥራ ነው» አለችው። ደሴ አንድ ማሽን አለች፣ ኮምቦልቻ አንድ፣ ሐይቅ ቅርንጫፍ አንድ። እያንዳንዷ የመጣላትን መልእክት ተቀብላ ወረፋ ታስይዛለች፤ በየተራው ወደሚሄድበት ትልከዋለች። ማሽኖቹ እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ አንድ ላይ ክላስተር ይባላሉ፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ቻናል ይባላል። ሞላልኝ ግን ቻናል ሲባል ቴሌቪዥን እየመጣበት «መስመር» እያለ ይጠራዋል።

«አንድ ነገር ይያዙልኝ» አለችው። «መስመሩ ቢቆም እንኳ መልእክት አይጠፋም። ወረፋው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

ሞላልኝ ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን ለመናገር ግን አላመናትም። ሰው ካልደገመለት ነገር ደረሰ ብሎ የሚያምን ሰው አልነበረም።

የየጠዋቱ ሥራው ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ይህን መጻፍ ነው፦

DISPLAY CLUSQMGR(*) CONNAME STATUS

ይህን ሲጽፍ ማሽኗ የምታውቃቸውን የክላስተሩን አባላት ሁሉ ታወጣለታለች፤ የየአንዳንዱን መስመር ስም፣ አድራሻውን፣ እንዴት እንዳደረም ትነግረዋለች። «ረኒንግ» ካለ መስመሩ እየሠራ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ያየው ዕለት ሐይቅ «ኢንአክቲቭ» ይላል። ደረጃውን በሩጫ ወረደ። ፈትሂያ ጎን ካለው ካፌ ፉል እየበላች ነበር።

«ሐይቅ ሞተ!» አላት እያለከለከ።

«ኢንናሊላሂ! ማን ሞተ?»

«መስመሩ! ኢንአክቲቭ ይላል!»

ፈትሂያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም። ወደ ሐይቅ የምንልከው ስለሌለ ነው። የሚላክ ሲመጣ ራሱ ይነቃል። እርስዎን ሊያስደነግጥዎ የሚገባው ‹ሪትራይንግ› ሲል ነው፤ ያኔ ደጋግሞ እያንኳኳ የሚከፍትለት አጥቷል ማለት ነው። በሉ አሁን ቁጭ ይበሉና ፉል ይብሉ።»

ፉሉን በላ። ከዚያ ወዲህ ሞላልኝ መስመር ሲተኛና ሲታመም ለይቶ ያውቃል።

ዘንድሮ ፈትሂያ ወለደች። ከመሄዷ በፊት የሚያስፈልገውን ሁሉ አሳየችው፤ ከከፋ እንዲደውልላትም ነገረችው። ሞላልኝ ግን አራስ በሥራ ማስቸገር ነውር መስሎ ስለሚታየው፣ አልደውልም ብሎ በልቡ ወስኖ ነበር።

በዚያው ሰሞን የኮምቦልቻው መጋዘን ወደ ሰፊ ሕንፃ፣ ቦርከና ማዶ ተዛወረ። ቅዳሜና እሑድ ሲያጓጉዙ ሰነበቱ። ሰኞ ጠዋት ሞላልኝ ቢሮ ገብቶ ኮቱን ሰቀለ፣ ትእዛዙን ጻፈ። ሐይቅ ተኝቷል። ኮምቦልቻ ግን «ሪትራይንግ» ይላል።

ገና ዕቃ እያስገቡ ይሆናል፣ ይቆይ ብሎ ጠበቀ። ደግሞ አየው፤ ያው ነው። ፈትሂያ እንዳሳየችው መስመሩን አቁሞ አስነሣው፤ ተመልሶ ማንኳኳቱን ቀጠለ። በዚህ መሃል ፋርማሲዎቹ ማዘዝ ጀምረዋል፣ ወረፋው እየረዘመ ነው። ከሰኞ ገበያ ሰፈር አንዲት ፋርማሲስት ያዘዘችው ኢንሱሊንም እዚያው ወረፋው ላይ ነው። ስልኩን አነሣ።

«አሰላሙ አለይኩም ደሴ!» አለ አብዱልወሀብ። «ምን ተገኘ? ረሳኸኝ ብዬ ነበር እኮ!»

«መስመሩ ቆሟል። አጣዳፊዎቹን በቃል ልንገርህ።»

«በል እንደ ድሮው! ንገረኝ።»

ሞላልኝ ስክሪኑን እያየ ጠራ፣ አብዱልወሀብ እየደገመ አስያዘ። ኢንሱሊኑ፣ የደም ግፊቱ፣ የሕፃናቱ ሽሮፕ። መሃል ላይ ስለ አዲሱ ሕንፃ ወሬ ገቡ፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ንፋስ አለው፣ ከበሩ ላይ ሆኖ ወንዙ ይታያል። ሞላልኝ ችግር ውስጥ መሆኑን ረስቶ ሳቀ። ዕቃው በመጀመሪያው መኪና ተጭኖ ወጣ።

መስመሩ ግን አልተነሣም። ሞላልኝ የመመሪያውን መጽሐፍ አወጣና ማገላበጥ ጀመረ። አንዱ ገጽ ላይ አንድን አባል ከክላስተሩ አስገድዶ የማስወጫ ትእዛዝ አገኘ። አስወጥቼ መልሼ ባስገባውስ? ብሎ አሰበ። ግማሹን ጻፈው። ከዚያ፣ አልመለስ ቢለኝስ? ብሎ ተወው። የጻፈውን አጥፍቶ ፈትሂያ ዘንድ ደወለ።

ስልኩን ያነሱት እናቷ ወይዘሮ መርየም ነበሩ።

«ማነው?»

«ሞላልኝ ነኝ፣ ከመሥሪያ ቤት። እንኳን ማርያም ማረቻት።»

«ማርያም ታኑርህ። ሥራ እንዳይሆን ብቻ!»

«አንድ ደቂቃ ብቻ ነው» አለ ሞላልኝ።

«ሥራ ነው አይደል? ኧረ በአላህ፣ አራስ እኮ ናት! ገንፎዋን እንኳ አልጨረሰች!»

ከኋላ የፈትሂያ ድምፅ ተሰማ። «እማ፣ ስጪኝ። እሳቸው ዝም ብለው አይደውሉም።»

«ልጄ፣ አፈርኩ» አላት ሞላልኝ።

«አብሽሩ ጋሼ። ምን ይላል?»

«ኮምቦልቻ ከጠዋት ጀምሮ ሪትራይንግ ነው። አቁሜ አስነሥቼዋለሁ። ሐይቅ ተኝቷል፣ እሱ ይተኛ።»

«ጎበዝ። የኮምቦልቻን አድራሻ ያንብቡልኝ።»

ሞላልኝ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ገፋ አድርጎ ቁጥሮቹን ማንበብ ጀመረ። ሕፃኑ አለቀሰ። ፈትሂያ «እሽ፣ እሽ» እያለች አባበለችውና እንደገና እንዲያነብላት ጠየቀችው። እንደገና አነበበ፤ እሷም እየተከተለች ደገመችው።

«ይኼማ የኖረው አድራሻ ነው፣ ምንም አልተለወጠም። ማሽኗ ደህና ናት? መብራት አላቸው?»

«ሁሉም አላቸው። አዲሱ ሕንፃ መብራቱም ኔትወርኩም ጥሩ ነው አለኝ አብዱልወሀብ።»

«የምን አዲስ ሕንፃ?»

ሞላልኝ አፉን በእጁ ያዘ። «ተዛውረዋል እኮ። ቦርከና ማዶ።»

«ማንም አልነገረኝም!»

«አራስ ናት፣ አትረበሽ ተባብለን…»

ፈትሂያ በሳቅ ፈነዳች፤ ወይዘሮ መርየም ከጎን ሲቆጡ ይሰማል። «በሉ ተገኘ» አለች። «ማሽኗ አዲስ ቤት ገብታለች፣ የእኛዋ ግን አሁንም አሮጌውን በር እያንኳኳች ነው።»

«እኔ እዚሁ አድራሻውን ልለውጠው?»

«አይሆንም። የደሴዋ ይህን አድራሻ ከራሷ አላመጣችውም፤ የኮምቦልቻዋ ናት ‹እኔ እዚህ ነኝ› ብላ የነገረቻት። ስለዚህ መስተካከል ያለበት እዚያው፣ የኮምቦልቻዋ መቀበያ መስመር ላይ ነው። ከተስተካከለ ራሷ ትናገራለች። ለሂሻም ይደውሉለት፣ ኔትወርኩን የሠራው እሱ መሆን አለበት። ደግሞ አደራ፣ ምንም ነገር ከክላስተሩ እንዳያስወጡ!»

ሞላልኝ የመመሪያውን መጽሐፍ ዘጋ። «ምንም አላስወጣሁም» አለ። እውነቱን ነበር።

ሂሻም የኮምቦልቻው ቴክኒሻን ነው። ሲደወልለት ጊዜ አላባከነም። «ወላሂ ረስቼው ነው! ለማሽኗ አዲሱን አድራሻ ሰጠኋት፣ መስመሩን ግን ሳልለውጥ ተውኩት» አለ። ስልኩን ሳይዘጋ ተቀምጦ አስተካከለው። ሞላልኝ ደሴ ሆኖ ትእዛዙን ጻፈ፤ አሮጌው አድራሻ አለ። ትንሽ ጠብቆ ደግሞ ጻፈ። አድራሻው ተለውጧል። መስመሩን አቁሞ አስነሣና ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ፦ ኮምቦልቻ፣ ረኒንግ።

«ሄደ!» ብሎ ጮኸ። የጎን ቢሮ ሰዎች ተሰብስበው መጡ። ከጠዋት ጀምሮ የተከማቸው ወረፋ ዓይኑ እያየ ሟሟ። አንዲት ኦርደር አልቀረችም።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ።

«ሞላልኝ» አለ አብዱልወሀብ፣ «ኢንሱሊኑ መንታ ወለደ እንዴ? ሁለተኛው መኪና ሊወጣ ሲል ነቃሁ። ቅድም በቃል የነገርከኝን ሁሉ ማሽኑ ደግሞ አወጣው፤ የመጋዘኑ ልጆችም ጭነውታል!»

ሞላልኝ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። መልእክት አይጠፋም፣ ይጠብቃል ተብሎ ነበር። ጠብቆ ነዋ። «ሽሮፑንና የግፊቱን አስወርደው» አለ። «ኢንሱሊኑስ?» ሲል ጨመረ። «እሱ በበረዶ ሳጥን ታሽጎ ፊት ለፊቱ ዕቃ ተደርድሮበታል። መኪናውን ከማቆም ይምጣ» አለ አብዱልወሀብ።

መጣ። የሰኞ ገበያዋ ፋርማሲስት ሁለተኛውን ሳጥን ስታይ «ምነው እንዲህ ቸር ሆናችሁ?» ብላ መለሰችው፤ ሳጥኑ ፒያሳ ባለው የድርጅቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባና ለሌሎች ፋርማሲዎች ተከፋፈለ። ሞላልኝ ሳይጠየቅ ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ገብቶ የሆነውን ነገራት። እሷም ሰምታው ስታበቃ፣ ከእንግዲህ በቃል የሚሄድ ኦርደር ካለ መጀመሪያ ከወረፋው ላይ እንዲነሣ ተስማሙ። ማታ ሰርክአዲስ ሁሉን ሰምታ፣ «ተረፈ እንጂ ጎደለ አላልከኝ» አለችውና እራቱን አቀረበች።

እሑድ ሁለቱም ፈትሂያን ሊጠይቁ ሄዱ። ሰርክአዲስ ለልጁ የጥጥ ብርድ ልብስ ይዛለች። ወይዘሮ መርየም በሩ ላይ ሞላልኝን ከእግር እስከ ራሱ አይተው፣ «ያ ስልከኛው አንተ ነህ?» አሉና ሳቅ ብለው አስገቡት። ሕፃኑ ሙዓዝ ተብሏል። ሞላልኝ ታቅፎት ሳለ ፈትሂያ ስለ ሁለቱ ሳጥን ኢንሱሊን ጠየቀችው፤ ወሬው ደርሷት ኖሯል። እሱ ሲተርክላት እሷ ሆዷን ይዛ «አታስቁኝ፣ አታስቁኝ» ትላለች፣ እናቷ ገንፎውን እያማሰሉ «አራስ ናት አላልኩም?» ይላሉ።

ፈትሂያ ሥራ ስትመለስ ድርጅቱ ወልዲያ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ ማሽን ለመትከል ሁለቱ አብረው ሄዱ። ተከላው አልቆ ሞላልኝ በአዲሷ ማሽን ላይ ትእዛዙን ሲጽፍ ግን የወጡት ወልዲያ ራሷና ደሴ ብቻ ናቸው።

«ኮምቦልቻ የለም» አለ የወልዲያው ሠራተኛ ተጨንቆ።

ፈትሂያ ልትመልስ ስትል ሞላልኝ ቀደማት። «አይዞህ፣ እንግዳ ናት፤ የምታውቀው የሁሉንም አድራሻ የያዘችውን ደሴን ብቻ ነው። ጉዳይ ሲኖራት ጠይቃ ታገኘዋለች። እስቲ ወደ ኮምቦልቻ አንድ ነገር እዘዝ።»

ሰውየው ፋሻ አዘዘ። ሞላልኝ በአንድ ጣቱ ትእዛዙን ደግሞ ጻፈ። ሦስተኛ ስም ወጣ፤ ኮምቦልቻ፣ ከነአዲሱ አድራሻው። ፈትሂያ ቦርሳዋን አነሣች።

ሲመለሱ ሐይቅ ላይ ወርደው ዓሣ በሉ። ነፋሱ ደስ ይል ነበር። ፈትሂያ ለልጇ ቶሎ ልድረስ ስትል፣ ሞላልኝ ለሰርክአዲስ የሚወስደው አንድ ጥብስ ዓሣ ተጠቅልሎ እስኪመጣለት መኪናውን አስቁሞ ጠበቀ።