የፖስተኛው ልጅ ዕረፍት

ኮሎማ በዕድሜዋ ብዙ ነገር ችላለች፤ በነጭ ፎጣ የተጠረገ የብስክሌት ካቴና ቅባት ግን ችላ አታውቅም። ባሕሩ ዳር ባለው ትልቅ ሆቴል ሃያ አራት ዓመት አልጋ አንጥፋለች፤ ሆቴሉ ደግሞ የብስክሌተኞች ነው። ብርዱ ጋብ ሲል ከሰሜን አገር በአውሮፕላን ይጎርፋሉ። ቀኑን ሙሉ የደሴቲቱን የትራሙንታና ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ ይውሉና፣ ሲመለሱ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ብስክሌታቸውን እንደ አራስ ልጅ ያጥባሉ። ያንን ጥቁር ቅባት በምን ይጠርጉታል? በሆቴሉ ፎጣ። ፎጣውን የት ይጥሉታል? ኮሎማ እግር ሥር። "እናታችሁ ቤትም እንዲህ ናችሁ?" ትላለች በየጠዋቱ ለባዶው ክፍል፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ታነሣዋለች።

ከፎጣው ሌላ ካርታም ይጥላሉ። በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሰመረበት፣ የዳገቱ ከፍታና የነፋሱ አቅጣጫ የተጻፈበት ካርታ በየቅርጫቱ ይገኛል። ቁርስ ላይ ስለ አንድ ዳገት ሲከራከሩ የሰማ ሰው ጦር ሜዳ የሚዘምቱ ይመስለዋል። ኮሎማ ካርታዎቹን ከቅርጫት እየለቀመች ቤቷ አከማቸቻቸው። እሷ ተወልዳ ያደገችበትን ተራራ እነሱ በሳምንት ያካልሉታል፤ እሷ በአምሳ ስምንት ዓመቷ ግማሹን አላየችውም። የደሴቲቱ ሰው በሙቀቱ ወራት ያገለግላል እንጂ አያርፍም። ይህን ባሰበች ቁጥር ቆሽቷ ያርራል።

ባለፈው መስከረም ግን ቆረጠች። ሆቴሉ ያረጁ የኪራይ ብስክሌቶቹን ሲሸጥ ሁለት ገዛች፤ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለፍራንሲና። ፍራንሲና የሆቴሉ ወጥ ቤት ሠራተኛና የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ከወንበሯ ተነሥታ ጨው ለማቀበል እንኳ የምታማርር ሴት።

"እኔ? በብስክሌት? ተራራ ላይ?" አለች ፍራንሲና፣ ኮሎማ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጉትን ካርታዎች እያየች። "ልትገድይኝ ከሆነ እዚሁ ግደይኝ፣ ለቀብሩም ይቀርባል።"

"አራት ቀን ነው። ኅዳር ላይ፣ በቅዱስ ማርቲን ሰሞን። ፀሐይ አለ፣ እንግዳ የለም። በመጀመሪያው ቀን ገዳሙ ድረስ እንወጣና እዚያ እናድራለን። በሁለተኛው ቀን በአባቴ መንገድ ወደ ካላ ፎስካ የባሕር ዳርቻ እንወርዳለን። ሦስተኛውን ቀን ባሕሩ ዳር ተጋድመን እንውላለን። በአራተኛው እንመለሳለን።"

"ሦስተኛው ቀን ጥሩ ነው። ከሦስተኛው መጀመር አይቻልም?"

የአባቷ መንገድ ያለችው ሰባት ኪሎ ሜትር የምትሆን የድንጋይ መንገድ ናት። ከገዳሙ በታች ተነሥታ ሶን ጋርቤ የሚባለውን የወይራ ርስት ታቋርጥና እስከ ባሕሩ ትወርዳለች። ላይኛው ጫፍ ላይ አንድ በር፣ ታችኛው ጫፍ ላይ አንድ በር አለ፤ ለበጎቹ ተብሎ ነው። ፖስተኛው ራፌል፣ የኮሎማ አባት፣ በዚህች መንገድ ሠላሳ አንድ ዓመት በብስክሌት ተመላልሷል። በሩ ጋ ሲደርስ ፊሽካውን ይነፋል፣ ባርኔጣውን ያነሣል፣ ይገባል፣ በሩን መልሶ ይዘጋል። ኮሎማ ሕፃን ሆና ከኋላው ተፈናጥጣ ሄዳለች። በመንደራቸው በቢኒፎርን ቤተሰቡ እስከ ዛሬ የሚጠራው "እነ ፊሽካ" ተብሎ ነው። ፊሽካውም ከቤቷ ቁልፍ ጋር ታስሮ ኪሷ ውስጥ አለ።

ርስቱን ከአራት ዓመት በፊት አንድ የውጭ አገር ባለጸጋ ገዛው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ መንገዷ የሕዝብ ናት ወይስ የእሱ? የመንደሩ ምክር ቤት የሕዝብ ናት ብሎ ፍርድ ቤት ሄዷል። ኮሎማ ይህን በደንብ ታውቃለች። ያም ሆኖ የጉዞውን ዕቅድ እንደጨረሰች ወረቀት አውጥታ ለባለርስቱ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች።

"ምንድን ነው የምትጽፊው?" አለች ፍራንሲና።

"በርስቱ ውስጥ እንድናልፍ እንዲፈቅድልን።"

"አባትሽ ያስፈቅድ ነበር እንዴ?"

"ባርኔጣውን አያነሣም ነበር? ፊሽካውን አይነፋም ነበር? ያው ነው። የሰው ወይራ ውስጥ ዘው ብለን የምንገባ ባለጌዎች ነን እንዴ?"

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ከቢኒፎርን ሰው በቀር ይህን ስሕተት የሚሠራ የለም፤ እዚያ ሰው የገዛ ቤቱን እንኳ አንኳኩቶ ነው የሚገባው።

መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ፤ ከባለርስቱ ሳይሆን ከጠበቃው። ወረቀቱ ወፍራም፣ ቃሉ ማር ነው። "ክብርት ወይዘሮ፤ መንገዱ የግል ንብረታቸው መሆኑን ተረድተው ፈቃድ በመጠየቅዎ ደንበኛዬ እጅግ ተደስተዋል። ለአንድ ቀን እንዲያልፉ በደስታ ፈቅደውልዎታል።" ኮሎማ ሁለት ጊዜ አነበበችውና "እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው" አለች። ግድግዳው ላይም ከካርታው ጎን ሰካችው።

በማግስቱ ዳሚያ በሯን አንኳኳ። ዳሚያ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እትዬ ሲላት ያደገ ልጅ። ያን ቀን ግን ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር።

"እትዬ ኮሎማ፣ ይህ የእርስዎ ፊርማ ነው?" ጠበቃው ለፍርድ ቤት ያስገባውን የደብዳቤዋን ግልባጭ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"ነው። ምነው?"

"ሰው ሳይጠይቅ ሲያልፍበት የኖረ መንገድ የሕዝብ ነው፤ ይሄ ነው ክርክራችን። እያስፈቀደ ካለፈ ግን መንገዱ የባለቤቱ ነው፣ ያሳለፈውም በደግነቱ ነው ማለት ነው። የእኛ ትልቁ ማስረጃ ደግሞ አባትዎ ነበሩ! አሁን ጠበቃው ምን ይላል? 'የፖስተኛው ልጅ እንኳ አስፈቅዳ ነው የምታልፈው።' ሦስት ዓመት ለፍተናል እኮ!"

"እኔ እኮ ለጨዋነት ብዬ..."

"እሱማ እሱ ነው የገደለን! የእኛ ሰው ሲያልፍ አይጽፍ፣ ሲጽፍ ይለምናል። 'ሳይጠይቅ አለፈ' የምትል አንዲት መስመር በጽሑፍ ብትኖረን ከአሥር ሽማግሌ ትበልጥ ነበር። የለችንም። ዝም ብለው ቢያልፉ ምን ነበረበት?"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ የተጻፈ ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ዳሚያ ሲወጣ የጠበቃውን ደብዳቤ ከግድግዳው ነቀለች፤ ልትቀደው ብላ ተወችው። የእሷው ደብዳቤ ፍርድ ቤት ተቀምጦ ይህን መቅደድ ምን ይረባል? ጨዋነቷን ወጥመድ ባደረገው ሰውዬ ተናደደች። ወጥመዱን ግድግዳዋ ላይ ሰቅላ "ጨዋ ሰው" ባለችው በራሷ ደግሞ ከዚያ ይልቅ ተናደደች። አባቷን፣ ያንን በማንም ፊት አጎንብሶ የማያውቀውን ሰው፣ በሞተ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለማኝ አድርጋዋለች።

መንደሩም አልማራትም። ዳቦ ቤት ተሰልፋ ሳለ አንድ ጡረተኛ ዞር ብሎ "እነሆ ፊሽካ መጣች! ዳቦ ለመግዛትም ታስፈቅጂ ይሆን?" አላት፤ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።

"አዎ፣ አስፈቅዳለሁ" አለች ደሟ ፈልቶ። "አንተን በክርኔ ገፍትሬ ለማለፍ ይፈቀድልኝ!"

ባለርስቱ ግን ሞኝ አልነበረም። ላይኛውን በር ቆለፈ፣ ካሜራ ሰቀለ፤ ሆኖም ማንንም አልከለከለም። የርስቱ ጠባቂ ማሲያ ቁልፍና መዝገብ ይዞ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። "ማለፍ ይፈቀድልኝ" ብሎ የጠየቀና የፈረመ ሁሉ ያልፋል፤ ያለፈው ሰው ሁሉ ይመዘገባል። ያ ኮሎማ ላይ ሲስቅ የነበረ መንደርተኛም ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ እንጉዳይ ለመልቀም እየሄደ ይፈርም ጀመር። ስም መጻፍ ምን አለው? ማሲያ የእኛው ልጅ ነው፣ እምቢ ማለት ያሳፍራል። እንዲህ እያለ እያንዳንዱ በገዛ እጁ መንገዷ ላይ አፈር መለሰባት። ችሎቱ ለጥር ተቀጥሯል፤ እስከዚያ መዝገቡ ይሞላል። ኮሎማ ይህን ስትሰማ እርር ድብን አለች። እሷ በአንድ ደብዳቤ የሠራችውን እነሱ በየቀኑ እየሠሩት በእሷ ይስቃሉ!

"በዋናው መንገድ እንዙር" አለች ፍራንሲና። "ወይም ዕረፍቱን እንተወው። ወንበሬ ላይ ማረፍ አያቅተኝም።"

"አንተወውም። ዕቅዱ እንደነበረ ነው።"

"እንፈርማለን ማለት ነው?"

ኮሎማ ካርታዎቹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በቅዱስ ማርቲን ሰሞን ወጡ። የመጀመሪያው ቀን ዳገት ፍራንሲናን ቅዱሳኑን ሁሉ በስም እያስጠራ አስረገማት፤ ግማሹን መንገድ ብስክሌቱን እየገፋች ነው የወጣችው። ገዳሙ አድረው፣ የወይራ ዘይት የፈሰሰበት ዳቧቸውን ቋጥረው ጠዋት ወረዱ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከወይራዎቹ በታች ባሕሩ ይታያል። ከዚያ በሩ፤ በሩ ላይ ቁልፉ፤ ከቁልፉ በላይ ካሜራው።

ኮሎማ ፍሬን ያዘች። ፊሽካውን ከኪሷ አውጥታ እንደ አባቷ ረዘም አድርጋ ነፋችው። ውሻ ጮኸ። ቆይቶ ማሲያ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ከርስቱ ቤት ወጣ። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ርስቱ ላይ ነው፤ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ነው፤ አንድ ወንበር ላይ ነው ፊደል የቆጠሩት።

"አንቺ፣ አስደነገጥሽኝ እኮ!" አለ። "እናቴማ ከአልጋዋ ሆና 'ፖስታ መጣ፣ ውሻውን እሰር' ብላ ጮኸችብኝ። ዘጠና ዓመቷ ነው፣ ምን ታድርግ።"

"ምን አለችህ?"

"ውሻውን እሰር። አባትሽ ይነፋ የነበረው ለዚያ አይደል? ውሻው አንዴ ባቱን ከነከሰው ወዲህ።"

ኮሎማ የብስክሌቱን መሪ እንደጨበጠች ደርቃ ቀረች። ማስፈቀድ አልነበረማ! "መጣሁ፣ ውሻችሁን ያዙ" ማለት ነበር። ባርኔጣውስ ሰላምታ እንጂ ሌላ ምን ነበር? ያን ሁሉ ዓመት አባቷን ሳታውቀው ኖራለች።

"ያው ፈርሙና እከፍትላችኋለሁ" አለ ማሲያ መዝገቡን ዘርግቶ። ፍራንሲና እስክሪብቶውን ተቀብላው ነበር።

"መልሺለት!" አለች ኮሎማ።

"ኧረ ስም ብቻ ነው፣ ኮሎማ፤ እግሬ እኮ..."

"መልሺለት አልኩሽ!"

ማሲያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያልጠየቀ ሰው እንዳላሳልፍ ታዝዣለሁ። ካሜራው እያየኝ ነው። የምኖርበት ቤት የእሱ ነው፤ እናቴን ይዤ የት እገባለሁ?"

"ክፈትልኝ አላልኩህም" አለች።

ከበሩ ጎን ካለው የድንጋይ ካብ ጎላ ጎላ ብለው የወጡ አራት ድንጋዮች አሉ፤ የጥንት ሰው በሩን ሳይከፍት እንዲሻገርባቸው የተከላቸው ናቸው። ኮሎማ ብስክሌቱን ትከሻዋ ላይ አነሣች። ሃያ አራት ዓመት ፍራሽ ያገላበጠ ትከሻ ነው፤ አልከበደውም። ወጣች፤ ካቡ ላይ ቆማ ካሜራውን ትክ ብላ አየችው፤ በወዲያኛው በኩል ወረደች። ጉልበቷ ተልጦ ደማ። ከዚያ ተመልሳ የፍራንሲናን ብስክሌት አሻገረች፤ በመጨረሻም እያለቀሰች የምትስቀውን ፍራንሲናን ራሷን ከላይ ጎትታ አወረደቻት።

"አሁን ጻፍ" አለችው ማሲያን በበሩ ፍርግርግ በኩል።

"ምን ልጻፍ? አልፈረምሽም።"

"ያለፈ ሰው ሁሉ ይመዝገብ አይደል ያለህ ጌታህ? እኔ አልፌያለሁ። 'ኮሎማ የራፌል ልጅ፣ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ ሳትጠይቅ አለፈች' ብለህ ጻፍ። ካሜራው አይቶናል፤ ብትተወው ሥራህን አልሠራህም።"

ማሲያ ካሜራውን አየ፣ መዝገቡን አየ። ከዚያ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ እንደ ትምህርት ቤቱ ዘመን ምላሱን ወጣ አድርጎ፣ ፊደል በፊደል ጻፈ። ሲጨርስ አነበበላት፤ ሳትጠይቅ የሚለውን ሳያስቀር።

"ፍራንሲናንም" አለች ኮሎማ።

"የኔ ላይ 'ሳትወድ' የሚል ጨምርበት" አለች ፍራንሲና ክርኗን እያሻሸች።

የኮሎማ መዳፍ በካቴና ቅባት ጠቁሮ ነበር። መጥረጊያ ፈልጋ ኪሷን ስትዳብስ ከቤት ስትወጣ የሸጎጠችው የጠበቃው ደብዳቤ እጇ ገባ። ዘረጋችው። ወፍራም ወረቀት ነው፣ ጥሩ ይጠርጋል፤ መጀመሪያ መዳፏን፣ ቀጥሎ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጠረገችበት። ከዚያ አጣጥፋ በፍርግርጉ አሳልፋ ማሲያ እግር ሥር ጣለችው። "ይህን ለጌታህ አንሣለት" አለች።

ማሲያ ጎንበስ ብሎ አነሣውና መዝገቡ ውስጥ ሸጎጠው። "አንድ ነገር ቀርቷል" አለ፣ እስክሪብቶውን ገጹ ላይ እንደያዘ። "የማለፊያ ምክንያት ይላል።"

ኮሎማ ኮርቻዋ ላይ ወጥታ ነበር።

"ዕረፍት ላይ ነኝ ብለህ ጻፍ" አለችውና ቁልቁል ለቀቀችው።