እሷ ናት የጋገረችው

ሰውየው በያጅ ነው። የሚያውቁት ሁሉ ግን «መዶሻው» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ነገር ሲከር ሌላው ሲጯጯህ እሱ ዝም ብሎ ይቆይና አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እጁም ስሙን ይመስላል። የጨበጠው ሰው ጣቶቹን ሳይቆጥር አይሄድም።

ሁለት የልብ ወዳጆች አሉት። አንዱ ጎሚስታ ነው፤ ሱቁ ከብየዳ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሌላው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሦስቱ አብረው ጢም አወጡ፣ አብረው ሚስት አገቡ፣ ሁለቱ አብረው ሸበቱ። መዶሻው ለመሸበት አልታደለም፣ ራሱ ቀድሞ ተመለጠ። እሑድ ከሰዓት ብየዳ ቤቱ ገርበብ ይልና ሦስቱ በላሜራ የተለበጠውን ጠረጴዛ ከበው ካርታ ይጫወታሉ፤ ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ።

ብራውኒ የሚሉት የኮኮዋ ኬክ ወደዚህ ሰው ሕይወት የገባው በሥራ በኩል ነው። የአንድ ኬክ ቤት የመጋገሪያ ምድጃ የበሩ ማጠፊያ ተሰብሮ እሱን ጠሩት። በሩን በየደና «ሙቀት የሚያመልጥ ከሆነ ጋግራችሁ እዩት» አለ። የኬክ ቤቱ ባለቤት አንድ ትሪ ብራውኒ ከተተች፤ እሱም ወንበር ስቦ በመስታወቱ ያይ ጀመር። ያ ጥቁር ሊጥ ቀስ እያለ ተነፋ፣ ላዩ እንደ ስስ ቆዳ ተወጠረ፣ ከዚያ ስንጥቅጥቅ አለ። መዶሻው ዕድሜውን ሙሉ የጋለ ብረት አይቷል፤ እንደዚህ ዓይኑን ይዞ ያስቀረው ነገር ግን አልነበረም። ሴትየዋ አንድ ቁራጭ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው፤ አሠራሩን ሲጠይቃትም ለሚስቱ መስሏት አንድ በአንድ ነገረችው።

በሳምንቱ ከተራረፈ ላሜራ በጋዝ የሚሠራ ትንሽ ምድጃ ቀጥቅጦ ጓሮው ያለችው ዕቃ ቤት ውስጥ ተከለ። የመጀመሪያው ብራውኒ ጡብ ሆነ። ሁለተኛው በማንኪያ የሚበላ ሆነ። ሦስተኛው ግን፣ ላዩ ተሰነጣጥቆ ውስጡ እንደ ረጠበ፣ ኮኮዋው አፍ ላይ ምርር ብሎ መጨረሻው ላይ የሚጣፍጥ ሆነለት። በዚያ ወፍራም የብየዳ ጓንት ትሪውን ይዞ ብቻውን ቆሞ ሳቀ።

ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ቤት ስትገባ እግሯን ዘርግታ ከመቀመጥ ሌላ ምንም አያምራትም። እሷና ድስት ከተኳረፉ ቆይተዋል፤ ይህን ራሷም እየሳቀች ታወራዋለች። ብራውኒውን ቀመሰችና «አንተ ሰው፣ ይኼን ሙያ የት ደብቀኸው ነው?» አለችው። እሷ ፊት አላፈረም።

እሑድ ዕለት ለጓደኞቹ ወሰደላቸው። ሾፌሩ አንዱን ገመጠና ዓይኑን ጨፈነ።

«የት ነው የገዛኸው?»

«ቤት ነው የተጋገረው።»

«ማን ጋገረው?»

«እኔ» ቢል ያልቅ ነበር። ነገር ግን ባለፈው እሑድ ጎሚስታው፣ ጎረቤቱ ሽርጥ ታጥቆ ሽንኩርት ሲከትፍ እንዳየው አውርቶላቸው፣ ሦስቱም እንባቸው እስኪፈስ ሥቀው ነበር። ከሁሉም ጮክ ብሎ የሣቀው እሱ ነው። ያ ሣቅ ጆሮው ላይ ጮኸበት።

«እሷ ናት የጋገረችው» አለ።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። መዶሻው ላይ ሁለቱም ደረሱ።

«እጇ ይባረክ!» አሉ ሁለቱም፤ ትሪውንም ጠረጉት። ማታ ለሚስቱ ሲነግራት ከት ብላ ሣቀች። «ምን አለበት፣ እኔም በልቼ ልመሰገን» አለችው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእሱ ግን እያደር ከበደ። በየእሑዱ ብራውኒ ይዞ ይሄዳል፤ በየእሑዱ ምስጋና ይዞ ይመለሳል። ሾፌሩ ለሚስቱ አወራ፣ ሚስቱ ለእህቷና ለጎሚስታው ሚስት አወራች። አዋላጇን መንገድ ላይ እያስቆሙ «አንቺ ባለሙያ!» ይሏት ጀመር። እሷም መሣቁን ተወች።

«አሁንስ ንገራቸው» አለችው።

«በሚመጣው እሑድ እነግራቸዋለሁ።»

የሚመጣው እሑድ ይመጣል፣ ይሄዳል። እሱም ያው እሱ ነው።

በዚህ መሐል የሾፌሩ ሴት ልጅ ተመረቀችና ቤታቸው ግብዣ ሆነ። አዋላጇ ከሥራ በቀጥታ ነው የሄደችው፣ ዓይኗ በድካም ቀልቷል። ገና እንደገባች የሾፌሩ ሚስት እጇን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ጎተተቻት። ዱቄቱ፣ እንቁላሉ፣ ኮኮዋው፣ ስኳሩ ሁሉ ተደርድሮ ይጠብቃታል። የሾፌሩ ሚስት እህትና የጎሚስታው ሚስትም እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆመዋል።

«ዛሬ አንለቅሽም! ያንን ብራውኒሽን ታሳዪናለሽ።»

«ተዉኝ እባካችሁ፣ ደክሞኛል።»

«እጅሽ ይረፍ፣ አፍሽ ብቻ ይንገረን። ቅቤው ቀልጦ ነው የሚገባው? እንቁላሉስ መቼ ነው?»

አዋላጇ የተደረደረውን አየች። እውነቱን ብትናገር ባሏን በሰው ቤት ግብዣ መሣቂያ ታደርገዋለች። «አላስታውሰውም» አለች።

«በየሳምንቱ እየጋገርሽ?»

«ተዪያት እቴ» አለች እህትየዋ፣ «ሙያዋን ይዛ መቃብር ልትገባ ነው።»

«ስስት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!» አለች የጎሚስታው ሚስት፤ ቀልድ ለማስመሰል ሣቀች፣ ሣቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። የሾፌሩ ሚስትም ዱቄቱን ወደ ቦታው እየመለሰች፣ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ «ግድ የለም፣ ይቅርብን» አለች።

መዶሻው ይህን ሰምቷል። የተደራረቡ ወንበሮች እስከ አገጩ ተሸክሞ በጓሮ በኩል ሲመጣ፣ ገርበብ ያለው የወጥ ቤት በር ጋ ሲደርስ ነው «ስስት» የምትለው ቃል የደረሰችው። ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ «እኔ ነኝ የምጋግረው» ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ጆሮው እስኪግል ፊቱ ደም ለበሰ። ከሳሎን የወንዶቹ ሣቅ ይሰማል። ቀስ ብሎ ዞረ። ወንበሮቹን ይዞ በሌላ በኩል ገባ።

ሚስቱ እስከ ቤት ድረስ አላናገረችውም። ጫማዋን አውልቃ ስትቀመጥ ነው የተናገረችው።

«ያቺን የተመረቀችውን ልጅ እኔ ነኝ የተቀበልኳት። እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሰማያዊ ሆና። የጎሚስታውንም ልጆች እኔ ነኝ የተቀበልኳቸው። ይኼን ሁሉ ዓመት 'እጅሽ ይባረክ' ብሎ መንገድ ላይ ያስቆመኝ ሰው የለም። ያስቆሙኝ ባልጋገርኩት ብራውኒ ነው። አሁን ደግሞ ስስታም ተባልኩ። ምስጋናውም የእኔ አይደለም፣ ስድቡም የእኔ አይደለም።» ጫማዋን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ «አንተ ወንዶቹ ጋ ነበርክ፣ አልሰማህም» አለችው።

«አልሰማሁም» አለ መዶሻው።

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። መሬት ግን አልተሰነጠቀችም።

በሚቀጥለው እሑድ ምድጃውን አልለኮሰም። ባዶ እጁን ሲያዩት ሾፌሩ «ምነው፣ ወይዘሮዋ ብራውኒውንም ነፈገችን?» አለ። የሾፌሩ ሚስት ግብዣው ቀን የሆነውን ነግራዋለች ማለት ነው። መዶሻው ለመናገር አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «አሟታል» የሚል ሆነ።

ጎሚስታው ደግ ሰው ነው። በነጋታው ብርቱካን ገዝቶ ሊጠይቃት ሄደ። በሩን የከፈተችለት ራሷ ናት፤ የታጠበ ልብስ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጤነኛ ሆና። ጎሚስታው ግራ ተጋብቶ «አሞሻል ብሎን...» ሲል፣ ገባት። «ተሽሎኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ብርቱካኑን ተቀበለችው።

ባሏ ሲገባ ብርቱካኑ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል።

«የታመምኩበት ነው፣ ብላ» አለችው።

አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለው ነበር። አንዱን አንስታ ላጠችና ፊቱ አስቀመጠችለት። መዶሻው አንዷን ፍልቃቂ በልቶ የቀረውን ገፋ አደረገው።

እሑድ ሲደርስ ያንን ምድጃ ከነጋዙ በጋሪ ጭኖ ብየዳ ቤቱ ወሰደው። ጓደኞቹ ሲመጡ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሱ በብየዳ ሽርጡ ላይ ዱቄት ተበትኖበት፣ ራሰ በራው ላይ ኮኮዋ ተለጥፎ፣ ሊጥ እያማሰለ ነው።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ብራውኒ። ከመጀመሪያም የምጋግረው እኔ ነኝ። እሷ እንዴት እንደሚሠራም አታውቅም።»

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ ጎሚስታው በሣቅ ፈነዳ፣ ሾፌሩ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሣቀ፣ «ወይዘሮ መዶሻ!» አለው። መዶሻው ፊቱ በርበሬ መስሎ ማማሰሉን ቀጠለ። ቀድሞ ሣቁን ያቆመው ጎሚስታው ነው።

«ታዲያ ብርቱካኑ?» አለ።

መዶሻው ሊጡን ትሪው ላይ ገልብጦ ምድጃው ውስጥ ከተተ። ሾፌሩም ሣቁ ቀስ በቀስ ከፊቱ ላይ ረገፈ። «ሚስቴ እኮ ሚስትህን ስስታም ብላ ሠፈሩን አዳርሳዋለች» አለ። ብራውኒው ሲበስል ሦስቱም ካርታውን ሳይነኩ በሉት።

ቤት ገብቶ «ነገርኳቸው» አላት።

«ለወንዶቹ?»

«ለወንዶቹ።»

«እኔን የሰደቡኝ ወንዶቹ አይደሉም።»

ስለዚህ ሌላ ቀን ከሥራዋ በፊት አብረው ሾፌሩ ቤት ሄዱ። ያ ወጥ ቤት፣ እነዚያው ሴቶች። መዶሻው እጁን ታጥቦ ቅቤውን አቀለጠ፣ እንቁላሉን መታ፣ እየሠራም የሚጋግረው እሱ መሆኑን ተናገረ። ሦስቱ ሴቶች እጁን ያያሉ፣ እሱ ሳህኑን ብቻ ያያል። ትሪውን ምድጃ ውስጥ ሲከት የሾፌሩ ሚስት አዋላጇን አቅፋ «እህቴ፣ በምን አፌ ይቅርታ ልበልሽ?» አለች። የጎሚስታው ሚስትም ዓይኗን ጠረገች።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። የሾፌሩ ሚስት ግን ወደ እሱ ዞረች።

«ቆይ፣ ያን ቀን ወንበር ተሸክመህ እዚች በር ላይ ቆመህ አልነበር እንዴ? ወንበሩን የት ላድርገው ልትል የመጣህ መስሎኝ፣ ቀና ስል ግን የለህም።»

አዋላጇ ባሏን አየችው።

«ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

ፊቷን ከእሱ አዞረች። ሴቶቹም አንገታቸውን ሰበሩ። ብራውኒው ደርሶ ሽታው ቤቱን ሞላው፤ መዶሻው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ቢላዋ ያነሳ ሰው ግን አልነበረም። አዋላጇ ሰዓቷን አየች፣ ሹራቧን ለበሰች፣ ሴቶቹን ተሰናብታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። «ወይዘሮ መዶሻ» የሚለው ቀልድ ለጥቂት ጊዜ ተቀልዶበት ሞተ። ጎሚስታው ለልጁ ልደት ብራውኒ እንዲጋግርለት ለመነው። ሾፌሩም አንድ እሑድ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዱቄቱ ለምን በወንፊት እንደሚነፋ ጠየቀው። ሴቶቹ አሁን አዋላጇን ሲያገኟት ስለ ሥራዋ ይጠይቋታል። መዶሻው ያን ሁሉ ጊዜ የፈራው ነገር እንደ ማስነጠስ መጥቶ አለፈ።

ያልፈራው ነገር ግን ቀረ። ሚስቱ አላኮረፈችም፣ አልተጣላችውም፤ ብራውኒውንም «ስኳሩ በዝቷል» እያለች ትበላለች። ብቻ ድሮ ያልነበረባት አንድ አመል አለባት። ሊተኙ ሲሉ «በሩን ቆልፌዋለሁ» ሲላት፣ እሺ ትለውና ተነስታ ትሄዳለች፣ እጀታውን ነካ አድርጋ ትመለሳለች። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃታል።